ሁለተኛ ማርሽ

ከደጀን ስንነሳ ኅዳር ጠዋት ነበር፣
ጉሙ እንደ ባዘቶ በመንገድ ሲዘረር።
ጭነቱ ሲሚንቶ፣ ሰማንያ ቆርቆሮ፣
ከላይ ቁም ሳጥን አለ በገመድ ተጠፍሮ፣
ለሞጣ ሙሽራ አባቷ የላኩት፣
መስታወቱን ወደ ኋላ አዙሬ ያሰርኩት።

እኔ አንሙት ነኝ፣ ረዳት፤ ታኮ ነው ሥራዬ፣
ጎማ፣ ሸራ፣ ገመድ፣ ዘጠኝ ዓመት ዕድሜዬ።
ሹፌሩ ጋሽ ይርሳው። ስም ያወጣው ተሳስቷል፣
የመንገዱን ድንጋይ በየስሙ ያስታውሳል።

ቢቸና እስክንደርስ ምንም አላወቅሁም።
አህያ ተሻገረች፤ ፍሬኑን አልነካም።
“አንሙት፣ ምንድን ነው ይሄ የሚንቀሳቀስ?”
“አህያ ናት፣ ጋሼ። ኧረ ቀስ በል፣ ቀስ!”
ረገጠና ቆመ። ኅዳርን ወቀሰ፣
ጉሙን ሰደበና ንጹሕ መስኮት አበሰ።

ጸሐይ ወጣች። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፣
በሬ በየአውድማው በአለንጋ ይዞራል።
በግራ ጮቄ አለ፣ ደመና ጠምጥሞ፣
እንደ ደብር አለቃ በዝምታ ቆሞ፤
በቀኝ በኩል ደግሞ መሬት ድንገት ያበቃል፣
ከዚያ ወዲያ ዓባይ ነው፤ አይታይም፣ ያስታውቃል።

ከኋላችን የቀሩ መስታወቱን ሲያዩ፣
እኛ ጭነናቸው ስንሄድ እየታዩ፣
አንዱ ጎረምሳ ሮጠ፣ ጸጉሩን እያበጠረ፣
ትንሽ ተከተለን፤ አነሰ፣ አነሰ፣ ቀረ።

ደብረ ወርቅ ላይ ምሳ። ባለ ቤቷ ዘርፌ፦
“ኮራህ አሉ፣ ይርሳው! ቅዳሜ ማታ አልፌ
በእጄ ሰላም ብልህ እንደ ባዳ ዘጋኸኝ።”
“ናፍጣ ተወደደ፤ ሐሳብ ነው የያዘኝ።”
ቤቱ ጨለም ይላል። እጁ ትሪውን ሲፈልግ
አየሁና ዞርኩኝ፤ ምን ላድርግ? ምን ላድርግ?

ከግንደ ወይን ወዲያ ጸሐይ ጮቄ ገባች፣
ኮረኮንቿ መንገድ ካፈሩ ተዋሐደች።
ካሉን ሁለት መብራት አንዱ ነው የሚሠራ፣
እሱም መንገድ ሳይሆን ቅጠል ነው የሚያበራ።
ጋሽ ይርሳው ዝም አለ፤ መሪው ላይ አጎነበሰ፣
በአራተኛ የሚያልፈውን በአንደኛ ጨረሰ።
ከዚያ “አንሙት፣” አለኝ፣ ሳያየኝ፣ ሳይዞር፣
“ያለውን ተናገር።”

“ኩርባ፣ በቀኝ በኩል። ፍየሎች፣ ሦስት አራት።
ሰውዬ፣ ጋቢ ለብሷል። ጉድጓድ፣ ውኃ ያለበት።
ዝናብ የበላው ጠርዝ፤ ወደ ግራ ትንሽ።
አሁን ሜዳ ነው፣ ሂድ። ቁልቁለት መጣ፣ ማርሽ!”

አንድ ሰዓት ከሩብ በእኔ አፍ መኪና ነዳ፤
አንዲት ቃል ብትዘገይ ገደል ነው፣ ፍዳ።
ዳፍንት የዶሮ ነው ሲሉ ነበር የማውቀው፤
ሠላሳ ዓመት መንገድ ያየን ዓይን እንደሚያጠቃው
ማን ነገረኝ?

ሞጣ። ውሻ፣ ልጆች፣ የእጅ ባትሪ፣ እልልታ።
ቁም ሳጥኑን አወረድን ተጋግዘን በእርጋታ።
ሙሽሪት በነጠላዋ አቧራውን ጠረገች፣
የውሏችንን አገር ከመስታወት አራገፈች።
ጋሽ ይርሳው ጠጋ አለ፣ ኮፍያውን አነሳ፣
ፊት ለፊቱ ለቆመው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፣
“እንደምን አመሹ?” አለው፤ መልሱን ጠበቀ።
“ወይ ጨዋታ አዋቂ!” ሠርገኛው ሁሉ ሳቀ።
እሱም ሳቀ፤ ከሰው ሁሉ ኋላ ዘግይቶ።
እኔ ገመድ ጠቀለልኩ፣ እጄ ቋጠሮ ስቶ።

ሌሊት፣ ከመኪናው ሥር፣ ሸራ ተከናንበን፣
ተኝቷል ስል ድምፁ መጣ፦

“ከግንደ ወይን ወጥተህ፣ ከድልድዩ ማዶ፣
ሁለተኛ ማርሽ ነው፤ ሦስተኛ አትሞክር።
ዋርካው ጋ ስትደርስ ክላክስ፤ ከብት አይጠፋም።
ከዚያ ነጭ አፈር አለ። ዝናብ ከጣለበት
ፍሬን እንዳትነካ፤ ታግሠህ ልቀቃት።
ሰማህ?”
                “ሰማሁ፣ ጋሼ።”
“ዋርካው በየት በኩል ነው?”
                “በግራ።”
                                “በቀኝ ነው።
እንደገና። ከደጀን።”